ያሟሸነውን እንጻፍ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እንደምታውቁት ሙያዬ ሒሳብ ነው። በዲፕሎማ ተመርቄ የሰው ገቢና ወጪ ስመዘግብ የምውል ሴት ነኝ። ዛሬ እንድናገር የታዘዝኩት ግን ስለ ማኅበሩ ሒሳብ ሪፖርት አይደለም፤ እሱን ኦዲት ኮሚቴው ያቀርባል። የእኔ ጉዳይ ከብድር ኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ የመጣ ነው። በዚህ ዓመት ከደረሱን የብድር ጥያቄዎች ብዙዎቹ ለዕቃ መግዣ ናቸው። ኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ምድጃ፣ የቡና መፍጫ፣ ጭማቂ መጭመቂያ፣ ስልክ፣ ፓወር ባንክ፣ አንዳንዷም ስሙን እኛ ገና ያልለመድነውን ኤር ፍራየር ጠይቃለች። ኮሚቴው «የትኛው ዕቃ ብድሩን ይመልሳል? የትኛው ብድሩ ሳያልቅ ይሞታል?» ብሎ ሲጠይቅ ከመካከላችን በማስረጃ የሚመልስ ሰው አልተገኘም። ዕቃዎቹን የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ አይደለም። ግማሾቻችን ገዝተናቸዋል፤ ሞክረናቸዋል። ነገር ግን የሞከረችው አልጻፈችም፤ ያልሞከረችውም የምታነበው የላትም።

ስለዚህ ዛሬ የምለው አንድ ነገር ነው። አዲስ ዕቃ የምትሞክር ሴት የሞከረችውን ትጻፍ። በአጭሩ፣ በቀንና በቁጥር፣ ዕቃውም አዲስነቱ ካለቀ በኋላ።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አዲስ የሸክላ ምጣድ ገዝቶ በዚያው ቀን የሚጋግር የለም። ይሟሻል። ጎመን ዘር ይወቀጣል፣ ምጣዱ ይግላል፣ ደጋግሞ ይታሻል፤ የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች ቢበላሹም የሚደነግጥ የለም። ጀበናም ይሟሻል፤ ድስትም እንዲሁ። እናቶቻችን «ዕቃ በመልኩ አይታመንም» ለማለት ይህን ሥራ አስተምረውናል። እኛ ግን ሶኬት ያለው ዕቃ ሲሆን ማሟሸቱን ተውን። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አምነን እንሰካለን። የማሟሸትን ትርጉም ወደ ኤሌክትሪክ ዕቃም እናምጣው ነው የምለው። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፤ ይህኛውን የምናሟሸው በብዕር ነው።

ለምን ዛሬ?

አንዳንዶቻችሁ «ዕቃ መሞከር የሀብታም ጨዋታ ነው» ልትሉ ትችላላችሁ። ዱሮ እንደዚያ ነበር። አሁን ግን ሦስት ነገሮች ተለውጠዋል።

የመጀመሪያው ኑሯችን ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳና የአካባቢው ሠፈሮች ለልማት ሲነሡ ከእኛም አባላት በርካቶቹ ወደ ኮንዶሚኒየም ሄደዋል። እዚህ ሥላሴ የቀረነውም ብንሆን ግቢያችን ጠቧል። በግቢ ጭስ ቤት በማገዶ ትጋግር የነበረች እናት አራተኛ ፎቅ ላይ ማገዶ ልታነድ አትችልም። ለእሷ ኤሌክትሪክ ምጣድ የቅንጦት ዕቃ ሳይሆን የእንጀራ ገመዷ ነው።

ሁለተኛው የዕቃ ዋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ምን እንደሆነ መርካቶ ወርዳችሁ ያያችሁት ነው። ትናንት ተበላሸ ተብሎ የሚጣል ዕቃ ዛሬ የአንድ ዓመት ቁጠባ ነው።

ሦስተኛው መብራት ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ ለዓመታት ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል። የታሪፉም አሠራር የሚጠቀሙበት መጠን በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ አብሮ የሚጨምርበት ነው። ስለዚህ አንድ ዕቃ ስንት ብር ወጣበት ብቻ ሳይሆን በየወሩ ስንት ብር ይበላል የሚለው ጥያቄ ትልቅ ሆኗል። ይህን ደግሞ ሻጩ አይነግራችሁም። ካርቶኑም አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ ቆጣሪያችሁ ነው።

ማን ይነግረናል?

ስለ ዕቃ የሚናገር ሰው አልጠፋም። በቴሌቪዥን ሰሎሞን ካሳ በኢቢኤስ «ቴክ ቶክ» ዝግጅቱ ስለ አዳዲስ ቴክኖሎጂ በአማርኛ ሲያስረዳ ብዙዎቻችን ተምረንበታል። በቲክቶክና በዩቲዩብም ካርቶን ከፍተው ዕቃ የሚያሳዩ ወጣቶች አሉ። ሁሉም መጥፎ ናቸው አልልም፤ ከልባቸው የሚሠሩ አሉ። ግን ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ዕቃውን በነጻ ወይም ከክፍያ ጋር ያገኙ ናቸው። ሁለተኛ፣ የሚያሳዩን የዕቃውን የመጀመሪያ ቀን ነው። የመጀመሪያ ቀን ሁሉም ዕቃ ሙሽራ ነው። እኛ የምንፈልገው መቶኛውን ቀን ነው። መቶኛው ቀን ላይ የሚያወራ ሻጭ የለም፤ ያን ጊዜ የሚያወራው ባለቤቱ ነው፣ እሱም ቢያወራ ለጎረቤቱ ነው። እኔ የምፈልገው ያ የጎረቤት ወሬ ከግቢው በር እንዲወጣ ነው።

በውጭው ዓለም ይህ ነገር ስም አለው። ሰው የራሱን ገጠመኝ በየቀኑ ኢንተርኔት ላይ ሲጽፍ «ብሎግ» ይሉታል። ቃሉ የመጣው «ዌብ ሎግ» ከሚለው ነው። «ሎግ» ማለት የመርከብ መዝገብ ነው። መርከበኞች የመርከባቸውን ፍጥነት ለማወቅ በገመድ የታሰረ እንጨት ባሕር ላይ ይጥሉ ነበር፤ የለኩትንም በየሰዓቱ ይመዘግባሉ። መዝገቡም በእንጨቱ ስም ተጠራ። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ፤ እኔም እኮ በሥራዬ የማደርገው ይኸው ነው። ቀን፣ ልክ፣ መጠን። የሰው ገጠመኝ ከወሬነት ወጥቶ ማስረጃ የሚሆነው ቀንና ልክ ሲኖረው ነው።

በእኛ ቋንቋ ይህን ማድረግ ቀላል ሆኖ አልቆየም። ፊደላችን ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚግባቡበት በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጆች 1999 ነው። ሞባይል ስልክ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የጀመረውም በዚያው ዓመት፣ በእኛ አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. ነበር። ዛሬ ሁለቱ እጃችን ላይ በአንድ ዕቃ ውስጥ ተገናኝተዋል። በአማርኛ ለመጻፍ የሚያስፈልገው መሣሪያ እዚህ የተቀመጥነው አብዛኞቻችን ቦርሳ ውስጥ አለ። የጎደለው ልማዱ ነው።

ሴት ጽፋ ምን ታመጣለች የምትል ካለች ከዚህ አዳራሽ ወጥታ ወደ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ትሂድ። እዚያ ግቢ ውስጥ ሲልቪያ ፓንክኸርስት የተባለች እንግሊዛዊት መቃብር አለ። ይህች ሴት ፋሺስት ኢጣሊያ ሀገራችንን በወረረ ጊዜ፣ በፈረንጆች 1936፣ ለንደን ላይ «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የሚባል ጋዜጣ አቋቋመች፤ ለሃያ ዓመታትም አዘጋጀችው። ኋላም አዲስ አበባ መጥታ «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» የተሰኘ መጽሔት ታዘጋጅ ነበር። በመስከረም 1953 ዓ.ም. ስታርፍ እዚያው ካቴድራሉ ግቢ ተቀበረች። ሹመት አልነበራትም፤ ጦርም አላዘዘችም። የምታየውንና የሚደርሳትን እየጻፈች በየሳምንቱ ታትም ነበር። ከእኛም ወገን ስንዱ ገብሩ አሉ፤ መምህርት ነበሩ፣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ነበሩ፣ የፓርላማ አባል ሆኑ፤ መጽሐፋቸውንም «የልቤ መጽሐፍ» ብለው ሰየሙት። እኛ ስለ ምጣድ እንጽፍ ስል ከእነዚህ ጋር ላወዳድራችሁ ፈልጌ አይደለም። ነገር ግን ሴት የልቧን ብትጽፍ ነውር እንዳልሆነ ሠፈራችን አስቀድሞ ያውቃል ለማለት ነው።

ከወንዶችም ወገን አዲስ ዕቃ በመሞከር የታወቁት ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። ስልክ ገብቶላቸው ካህናቱ የሰይጣን ድምፅ ነው ብለው ሲቃወሙ እሳቸው አልተዉትም። መኪናም በ1900 ዓ.ም. ሲመጣላቸው ለመሳፈር አልፈሩም። ይህን ዛሬ የምናወራው የጻፈው ሰው ስለነበረ ነው። የመጀመሪያውን ኤሌክትሪክ ምጣድ ሰክታ የጋገረችው ሴት ግን ምን አለች? ፈራች? እንጀራው ዓይን አወጣላት? ከመካከላችን ይህን የሚያውቅ አለ? የንጉሥ ሙከራ ታሪክ ሆኖ የእኛ ሙከራ ወሬ ሆኖ የቀረበት ምክንያት መዝገብ ነው።

እንዴት እንጻፍ?

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። በሦስት ዕቃ ላሳያችሁ።

ከምጣድ እጀምራለሁ። በብዛት የምንጠቀምበት ዓይነት ኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል። የቤታችን መብራት 220 ቮልት ስለሆነ ይህ 16 አምፒር ያህል ማለት ነው። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ምጣድ በቀጭን ዲቫይደር አይሰካም። ብዙዎቹ ዲቫይደሮች ለዚህ ጭነት አልተሠሩም፤ ገመዱ ይግላል፣ ይቀልጣል፣ ቤት ያቃጥላል። ምጣድ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይፈልጋል። ይህን የመስመር ወጪ በዕቃው ዋጋ ላይ ደምሩት። ሁለተኛ፣ መብራት ሲዳከም ምጣዱ ከመብራቱ በባሰ ይዳከማል። ቮልቱ ከ220 ወደ 180 ቢወርድ ሙቀቱ ወደ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይወርዳል። ማታ ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ሁሉም ወጥ በሚሠራበት ሰዓት እንጀራችሁ ከምጣዱ አልላቀቅ ካለ ሊጡን ብቻ አትውቀሱ።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። ሁለት አባሎቻችን በአንድ ወቅት አንድ ዓይነት ምጣድ ገዙ። አንዷ «በጣም ጥሩ ነው» ትላለች፤ ሌላዋ «ገንዘቤን በላው» ትላለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። አንደኛዋ ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥታ የምትጋግር ናት፤ ሁለተኛዋ ማታ ልጆቿ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ነው የምትጋግረው። ምጣዱ አንድ ነው፤ ሰዓቱ ነው የተለያየው። የጋገሩበትን ሰዓት ጽፈው ቢሆን ኖሮ ነገሩ በአንድ ሳምንት ይገባን ነበር። አሁን ግን ምጣዱ በግማሹ ሠፈር ተመስግኖ በግማሹ ተረግሞ ቆየ።

የምጣድ ጽሑፍ እንዲህ ይሁን። ከመጋገራችሁ በፊት ቆጣሪውን አንብቡ፤ ስትጨርሱ እንደገና አንብቡ። የእንጀራውን ብዛት ቁጠሩ። ለምሳሌ ልዩነቱ 9 ኪሎዋት ሰዓት ቢሆንና 60 እንጀራ ቢወጣ፣ አንዱ እንጀራ 0.15 ኪሎዋት ሰዓት በላ ማለት ነው። ይህን በምትከፍሉት ታሪፍ አባዙት። ከዚያ ሰዎች የሚረሱትን ጨምሩ፤ እኛ በሒሳብ የእርጅና ቅናሽ የምንለውን። ዕቃው 12,000 ብር ወጣበት እንበል፤ አራት ዓመት ያገለግላል ብለን ብንገምት በወር 250 ብር ያረጃል። በወር 800 እንጀራ የምትጋግር ሴት በእያንዳንዱ እንጀራ ላይ 31 ሳንቲም ለምጣዱ እርጅና መያዝ አለባት። ሽቦው ተቃጥሎ በዓመት 1,200 ብር ለጥገና ብታወጣ ደግሞ በወር 100 ብር ነው፤ በእንጀራ 12 ሳንቲም ተኩል ይደርሳል። ቁጥሮቹ ለማስረጃ ሳይሆን ለማሳያ ናቸው፤ የራሳችሁን ቁጥር አስገቡ። ይህን ያልያዘች ሴት እንጀራዋን ሸጣ አተረፍኩ ትላለች፤ ምጣዱ ሲሞት ግን ሌላ መግዣ የላትም። ያን ጊዜ እንደገና ወደ ብድር ኮሚቴው ትመጣለች።

ሁለተኛው ዕቃ ፓወር ባንክ ነው። መብራት ስለሚጠፋ ልጆቻችንም እኛም እንፈልገዋለን። ላዩ ላይ 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ይላል። የስልካችን ባትሪ 5,000 ነው። ስለዚህ አራት ጊዜ ይሞላልኛል ብለን እናስባለን። አይሞላም፤ ባይሞላም ሁልጊዜ ተታለልን ማለት አይደለም። የተጻፈው ቁጥር የውስጡ ባትሪ በ3.7 ቮልት የሚይዘው ነው። ወደ ስልክ ሲወጣ ወደ 5 ቮልት ይቀየራል፤ በመንገድ ላይም በሙቀት የሚባክን አለ። ደህና ፓወር ባንክ ይህን ስልክ ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት ጊዜ ቢሞላ ሥራውን ሠርቷል። ስንት ጊዜ እንደሞላላችሁ መቁጠር ቀላል ነው፤ የኪስ ማስታወሻ ላይ ሰረዝ ማስመር ብቻ ነው። ከአንድ ጊዜ ትንሽ ከፍ ብሎ ካለቀ ግን በላዩ የተጻፈው ቁጥር ውሸት ነው። ይህን ጽፋችሁ አምጡ።

ሦስተኛው ስልክ ነው። አዲስ ነው ተብሎ ያገለገለ፣ ኦሪጅናል ነው ተብሎ ኮፒ ይሸጣል። ከመክፈላችሁ በፊት *#06# ደውሉ። 15 አኃዝ ያለው የስልኩ መለያ ቁጥር ይወጣል፤ ሁለት ሲም የሚወስድ ከሆነ ሁለት ቁጥር ይወጣል። ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አስተያዩት። ካልተመሳሰለ ዕቃውን መልሳችሁ ውጡ። አይቼ፣ ተደራድሬ፣ አስወርጄ ሳልገዛ ብሄድ ሰው ምን ይለኛል አትበሉ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ዕቃ በማየቱ ወይም በመደራደሩ ማንም ሸማች እንዲገዛ አይገደድም ይላል። ስለምትገዙት ዕቃ በቂ መረጃ የማግኘት መብትም ይሰጣችኋል። ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ፎቶ አንሥታችሁም አስቀምጡ፤ የሙቀት ወረቀት ደረሰኝ ጽሑፉ በወራት ውስጥ ይጠፋል። ስለ ስልኩ ስትጽፉ ደግሞ ካሜራው ያምራል በሚል አትጨርሱ። ጠዋት 12 ሰዓት ከቻርጀር ተነቅሎ ስንት ሰዓት ላይ ጠፋ? በሦስተኛው ወርስ? በአማርኛ ሲጻፍበት ይንቀራፈፋል? የቴሌብርና የባንክ መተግበሪያዎቹን ይከፍታል? እነዚህ ናቸው ለነጋዴ ሴት የሚጠቅሟት።

ቴሌብርን ካነሣሁ አይቀር፣ በአንድነት ያሟሸነው ነገር እሱ ነው። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ከእኛ ብዙዎቹ ገንዘብ በስልክ መላክ ያስፈራቸው ነበር። *127# ደውሎ መላክን አንዷ ለሌላዋ እያሳየች፣ በመጀመሪያ በትንሽ ብር እየሞከረች ነው የለመድነው። ዛሬ የማኅበሩን ወርኃዊ መዋጮ በእሱ የሚከፍሉ እናቶች አሉን። ያ መማማር ጥሩ ነበር። ቢጻፍ ኖሮ ግን በኋላ የመጡት አባላት ከእንደገና አይጀምሩም ነበር።

የሚነሡ ጥያቄዎች

ይህን ሐሳብ ለአንዳንዶቻችሁ አስቀድሜ ሳወራ የተነሡ ነገሮች አሉ፤ ሁሉንም በአክብሮት ሰምቻለሁ።

«እኛ ፊደል አልቆጠርንም» ያሉ እናቶች አሉ። እማማ፣ የሚያስፈልገው የእርስዎ ዓይንና የእርስዎ ምጣድ ነው። የልጅ ልጅዎ ይጻፍ፤ እርስዎ ይናገሩ። ወይም በቴሌግራም ድምፅዎን ይላኩልን፤ እኛ እንጽፈዋለን። ሦስት ጊዜ ምጣድ የቀየረች የስድሳ ዓመት እናት የምትናገረው ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል።

«ዕቃ ገዛሁ ብዬ ብጽፍ ሰው ዓይኑን ይጥልብኛል» ያላችም አለች። ይህን በቀላሉ አላልፈውም፤ ኑሯችን የተቀራረበ ነው። ስለዚህ ስም ማውጣት ግዴታ አይሁን። «አንዲት አባል» ተብሎ ይውጣ። የቆጣሪ ቁጥር፣ የስልክ መለያ ቁጥር፣ የቤት ቁጥርና ደረሰኝ ላይ ያለ ስም አይታተም። ልጆቻችሁንም ፎቶ ውስጥ አታስገቡ።

«ነጋዴው ቢከሰኝስ?» ያለችው እኅትም ትክክል ናት። ያየነውን መጻፍና ሰው መሳደብ የተለያዩ ናቸው። «ይህ ምጣድ በ40ኛው ቀን ሽቦው ተቃጠለ፤ ለጥገና ይህን ያህል ብር አወጣሁ» ማለት ምስክርነት ነው። «እገሌ ሌባ ነው» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱ በእኛ መጽሔት አይወጣም። የዕቃውን ነገር እንጻፍ፤ የሰውን ስም እንተው።

በመጨረሻም «ሻጩ ቅናሽ አደረገልኝ፤ ብጽፍ አይከፋውም?» የምትል አለች። ቅናሽ ያገኘች አገኘሁ ትበል። በስጦታ የመጣላት በስጦታ መጣልኝ ትበል። ይህን አስቀድማ የተናገረች ሴት ቃሏ ይታመናል። የደበቀችው ሲታወቅ ግን የእሷ ብቻ ሳይሆን የሁላችንም ገጽ ይበላሻል።

የማቀርበው ሐሳብ

ለጠቅላላ ስብሰባው ሦስት ነገር አቀርባለሁ። ከብድር ኮሚቴው ጋር ተነጋግረንበታል፤ ውሳኔው ግን የእናንተ ነው።

አንደኛ፣ ከማኅበሩ ተበድራ ዕቃ የምትገዛ አባል በሠላሳኛውና በመቶኛው ቀን አጭር ጽሑፍ ትስጥ። ርዝመቱ ከግማሽ ገጽ አይብለጥ። ስድስት ነገር ይበቃል፤ ምን ገዛሁ፣ መቼ፣ በስንት ብር፣ በምን ያህል ተጠቀምኩበት፣ ምን አስወጣኝ፣ ዛሬ ቢሆን እንደገና እገዛው ነበር ወይ። የመጨረሻዋ ጥያቄ ከሁሉም ትበልጣለች።

ሁለተኛ፣ በመጽሔታችን አንድ ገጽ ለዚህ ይሰጥ። ዕቃው ጥሩ ሆኖ የተገኘውም መጥፎ ሆኖ የተገኘውም ይውጣ። ዝም ብለን ጥሩ ጥሩውን ብቻ ካወጣን ከማስታወቂያ በምን ተለየን?

ሦስተኛው ለረጂዎቻችን ነው። ምጣድም፣ የልብስ ስፌት መኪናም፣ የፀሐይ ኃይል መብራትም ሰጥታችሁናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ዕቃው በተሰጠበት ቀን ፎቶ ተነሥተን እንልክላችኋለን። ከእንግዲህ ያን ፎቶ ብቻ አትቀበሉን። የመቶኛውን ቀን ጽሑፍ ጠይቁን። ዕቃው ተሰብሮ ጥግ ላይ ቆሞ ቢሆንም እንኳ እውነቱን የምትነግራችሁን አባል አትቀየሟት። ከእሷ ጽሑፍ የተነሣ ቀጣዩ አሥር ዕቃ ትክክለኛው ዕቃ ሊሆን ይችላል። የተሰበረውን ደብቀን ብናመሰግናችሁ ግን ዓመት ዓመት ያንኑ የሚሰበር ዕቃ ስትገዙልን ትኖራላችሁ።

እናቶቼና እኅቶቼ፤ ለሀብታም ዕቃ ቢበላሽበት ሌላ ይገዛል። ለእኛ ግን የተበላሸ ዕቃ ማለት የልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ኪራይ፣ የማኅበር ዕዳ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የረጅም ጊዜ ዋስትና ያለው ዕቃ የመግዛት አቅም የለንም። ዋስትናችን ከእኛ በፊት የገዛችው ሴት ቃል ነው። ያ ቃል እንዳይጠፋ ወረቀት ላይ እናስፍረው።

ከስብሰባው በኋላ ጸሐፊያችን ጋ አዲስ መዝገብ አለ። የመጀመሪያው ገጽ ባዶ ነው። በዚህ ዓመት ዕቃ የገዛች ሁሉ ከመሄዷ በፊት የገዛችበትን ቀንና ዋጋ ብቻ ታስፍር፤ የቀረውን በመቶኛው ቀን እንቀበላለን።